ጥሩ መሬት ነው

ቨርን ኩቻርስኪ በኬስለር ከተማ የፕላን ኮሚሽን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያገለግል አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ይህን የማውቀው ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ ነው። ሌሎቹ አራት አባላት በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ፣ ስለ መንገዱ እያማረሩ ሲገቡ እሱ ካርታውን ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቃቸዋል። «አርዲስ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ምን ሊቆፍር ነው?» ይለኛል። አጀንዳውን ከእኔ ቀድሞ በቃሉ ያውቀዋል፤ እንዲያው ለወጉ ነው የሚጠይቀኝ።

መተዳደሪያው ቁፋሮ ነበር። የቤት መሠረት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የውሃ ቦይ፤ በእኛ አካባቢ መሬት ውስጥ ከገባው ነገር ግማሹን ያስገባው ቨርን ነው። አፈር ዘግኖ፣ ጨምቆ፣ አሽትቶ፣ አንዳንዴም ምላሱ ላይ ጣል አድርጎ «እዚህ ቤት አትሥራ» ካለ ሰው አይሠራም ነበር። ነገር ማለሳለስ አያውቅበትም። የእኅቱ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ኬክ በአፉ እንደያዘ፣ ሙሽራውን «የገዛኸው ቤት፣ ከመሬት በታች ያለው ምድር ቤቱ በአምስት ዓመት ይሰነጠቃል» ብሎት በአራተኛው ዓመት ተሰነጠቀ። እኅቱ እስክትሞት ድረስ አኮረፈችው፤ የተናገረው እውነት ባይሆን ኖሮ ቶሎ ይቅር ትለው ነበር።

ረግረግን ያወቀው በክፉ ቀን ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ ላይ ለአንድ ኮንትራክተር ዶዘር ይነዳ ነበር፤ ከከተማው ዳር ያለውን የኖቫክን ረግረግ ሰንጥቆ መንገድ እንዲያወጣ ታዘዘ። «ይውጠናል» አላቸው። «አንተ ንዳ፣ ማሰቡን ለእኛ ተወው» አሉት። ነዳ። ከቀትር በኋላ ዶዘሩ ወደ ግራ ጎኑ ዘመም አለ፤ ቨርን ዘሎ ወረደ። በማግስቱ ከረግረጉ ሣር በላይ የሚታየው የጭስ ማውጫው ብቻ ነበር። በሳምንቱ እሱም የለም። ኮንትራክተሩ አባረረው፤ ሰዉም «ሰማጩ» የሚል ቅጽል አወጣለትና ዐሥር ዓመት ተጠራበት።

ስለዚህ ቨርን ረግረጉን የሚወድ ሰው አልነበረም። ለወፍ ብሎ፣ ለአበባ ብሎ የሚያለቅስ አይደለም፤ እንዲያውም በየመከሩ ዳክዬ ያድንበታል። የሚያውቀው ነገር ቢኖር የመሬት ውሃ የሰው ስብሰባ እንደማያከብር ነው።

ሚስቱ ዶሎሬስ በካንሰር ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ዝም አለ፣ ትንሽ ከሳ፤ ዓርብ ዓርብ መጠጥ ቤት የተጠበሰ ዓሣውን ይበላል፣ በወር አንዴ ስብሰባው ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ሁሉ የመጣው እሷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት ነው።

አንድ አልሚ ድርጅት በዚሁ በኖቫክ ረግረግ ዳር አርባ ስምንት ቤት ለመሥራት ማመልከቻ አስገባ። «የሽመላ መስክ» ብለው ሰየሙት። ከተማው በደስታ ሰከረ፤ እኔም አልፈርድበትም። ወጣቱ ተሰዶ፣ ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል ዘግቶ፣ የአይብ ፋብሪካው ሠራተኛ በተጎታች ቤት ውስጥ ተደራርቦ ነበር የሚኖረው። ከእነዚህ አንዷ ጆሊን ራትኬ ናት፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት፣ በፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የዋለ አባቷን ጌራልድን እፍኝ በምታህል ጎጆ ውስጥ እያገላበጠች የምታጥብ። በየወሩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮዬ ብቅ ብላ «አርዲስ፣ ቤቶቹ መቼ ነው የሚፈቀዱት?» ትለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ የድርጅቱ ኢንጂነር ካርታውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። የረግረጉን ወሰን በሰማያዊ መስመር አስምሮበታል፤ ቤቶቹ በሙሉ ከመስመሩ ወዲህ ናቸው።

«ይቺን መስመር የለካችሁት በየትኛው ወር ነው?» አለ ቨርን።

«በነሐሴ።»

«ባለፈው ነሐሴ? ድርቁ ጠንቶ ላሞቹ ጭቃ ያጡበት ነሐሴ?»

ሰው ሳቀ። ያኔ ገና ከእሱ ጋር ነበር የሚስቀው።

«በነሐሴ እኔም ደረቅ ነኝ» አለ ቨርን። «በመጋቢት፣ በረዶው ሲቀልጥ ለኩና አምጡልን።»

ሰብሳቢያችን ዱዌይን ፎስበርግ ጉሮሮውን ጠረገ። ዱዌይን የከብት መኖ ነጋዴ ነው፤ ከቨርን ጋር አርባ ዓመት አብረው ዳክዬ አድነዋል፣ የዶሎሬስን ሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱም እሱ ነበር። «ቦታውን ሄደን እንየዋ» ብሎ ነገሩን አበረደው።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። አምስቱ አባላት፣ ኢንጂነሩ፣ ዊቲንግ የሚባለው የድርጅቱ ጠበቃ በከተማ ጫማው፣ እኔ በማስታወሻ ደብተሬ። ቨርን አካፋውን ይዞ መጥቷል። በየቤቱ ቦታ ቀይ ሪባን የታሰረበት ችካል ተተክሏል። አንዱ ችካል አጠገብ ቆመና ማንንም ሳይጠይቅ መቆፈር ጀመረ። ጉድጓዱ ጉልበት ሲደርስ ግድግዳው አላበው፤ ትንሽ ቆይቶ ከሥር ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። ዱዌይን የያዘውን ዶናት በልቶ ሳይጨርስ ውሃው ጉድጓዱን አጋመሰው።

«ንኩት እስቲ» አለ ቨርን። «አይናከስም።»

ማንም ጎንበስ አላለም።

«ማክሰኞ ዘንቦ ነበር እኮ፣ ቨርን» አለ ዱዌይን።

«ዝናብ ከላይ ነው የሚመጣው። ይሄ ከየት ነው የመጣው?»

ጠበቃው ጫማውን ሣሩ ላይ እየጠራረገ ወደ መኪናው ሄደ። እኔ በደብተሬ ላይ ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ችካል ቁጥር ጻፍኩ፤ ሠላሳ አንድ።

የመጨረሻው ስብሰባ በግንቦት ተደረገ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ስለማይበቃ ወደ እሳት አደጋ ጣቢያው ተዛወርን፤ መኪኖቹን አስወጥተን ሁለት መቶ ወንበር ደረደርን፣ እሱም አልበቃ። ገና ስንጀምር ጠበቃ ዊቲንግ እጁን አወጣ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የሚስተር ኩቻርስኪ ቤት ከቦታው ስድስት መቶ ሜትር ላይ ይገኛል። የጥቅም ግጭት አለባቸው። በዚያ ላይ ኮሚሽኑ ሳይወስን የሰው መሬት ቆፍረዋል። በዚህ ጉዳይ ድምፅ ሊሰጡ አይገባም።»

«የምን ጥቅም?» አለ ቨርን። «እኔ ቤቴ ኮረብታ ላይ ነው።»

ዱዌይን ወረቀቱን እያገላበጠ ነበር። ቀና ብሎም አላየው። «ቨርን፣ ለዛሬ ከጠረጴዛው ብትነሳ ጥሩ ነው።»

«ዱዌይን...»

«አታስቸግረኝ፣ በናትህ።»

ተነሳ። ካርታውን አጣጥፎ በጠረጴዛው ዞሮ ሲወጣ ሁለት መቶ ሰው ያየዋል። የሚቀመጥበት ወንበር አልነበረም፤ ከውሃ ቱቦ ማንጠልጠያው ሥር ቆመ። የሕዝብ አስተያየት ሲከፈት እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ ሦስት ደቂቃውን ጠበቀ። ማይክሮፎን ፊት ያ ጠረጴዛ ላይ የምናውቀው ቨርን አልነበረም። ወረቀቱ እጁ ላይ ተንኮሻኮሸ። ስለ አፈሩ ቀለም፣ ስለ በረዶ መቅለጥ፣ ከምድር ቤት ውሃ ስለሚስብ ፓምፕ ተናገረ። ቀጥሎ «በሚያዝያ ጠዋት ጠዋት ወርዳችሁ ስሙ፤ ጓጉንቸሮቹ የሚጮሁት ከሰማያዊው መስመር ወዲህ ነው። ጓጉንቸር ደረቅ ላይ...» ሲል ከሦስተኛው ረድፍ የሴት ድምፅ ተነሳ።

«ዶሎሬስ ከሞተች ወዲህ ከጓጉንቸር በቀር የሚያናግረው አጥቷል!»

ጆሊን ናት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሰው ሳቅ መልክ አለው፤ ይኼኛው የፈሪ ሳቅ ነበር፤ «እሱ ከተሳቀበት እውነቱ አይመለከተንም» የሚል። ዱዌይን መዶሻውን እየመታ ጥርሱን ለመሸፈን ከንፈሩን ይነክሳል። እኔም ሳቅሁ። ስድስት ወር ሙሉ ሾርባ ይዤለት ስመላለስ የነበርኩት፣ የዶሎሬስን ቀሚሶች አጣጥፌ በሣጥን ያስቀመጥኩለት እኔ፣ እዚያ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ።

ቨርን አፉ እንደተከፈተ ቆመ። ሳቁ ሲበርድ «ሦስት ደቂቃዬ አላለቀም» አለ። ጊዜው ማለቁን የሚያሳየው ቀይ መብራት እስኪበራ ድረስ ማይክሮፎኑ ፊት ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወጣ። አራት ለዜሮ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራዳ ነገር ነው። መጠጥ ቤት ሲገባ ከወደ ጥግ አንዱ እንደ ጓጉንቸር ይጮኻል። የፖስታ ሣጥኑ ውስጥ የላስቲክ ጓጉንቸር ከተቱለት፤ አንገቷ ላይ የዶሎሬስ ስም ተጽፎባታል። በታኅሣሥ የኮሚሽኑ አባልነት ሲታደስ ስሙ ቀረ። ዱዌይን በስልክ እንኳ አልነገረውም፤ እኔ ነኝ ደብዳቤውን የላክሁት፣ ፊርማው የዱዌይን፣ ቴምብሩ የእኔ ምራቅ።

ቀጥሎ የሆነውን ያየ ሰው አልነበረም። ኋላ ራሱ ቨርን ነው የነገረኝ።

በቀጣዩ ዓመት መከር አንድ ቀን ጆሊን ወደ ጋራዡ መጣች። ቤቶቹ መሸጥ ጀምረዋል። የቤቶቹን ካርታ አጣጥፋ በብብቷ ይዛለች።

«ቨርን፣ እንደተቀየሙኝ አውቃለሁ» አለችው። «ግን መሬት የሚያውቅ ሰው ከእርስዎ ሌላ የለም። ይቺን ልገዛ ነው። ከኋላ በኩል ምድር ቤቱ በቀጥታ ወደ ሣሩ የሚከፈት ሰፊ በር አለው፤ አባባ በወንበሩ ራሱ ይወጣል፣ ራሱ ይገባል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ብቻውን ከቤት ወጥቶ አያውቅም። እንዴት ነው ቦታው?»

ቨርን ካርታውን በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ጣቷ ያረፈበትን አየ። ሠላሳ አንድ ቁጥር። የዚያ ጉድጓድ ውሃ እስኪሸተው ድረስ ያስታውሰዋል። በሩ የሚከፈተው ወደ ረግረጉ፣ ወለሉ አካፋው ከቆፈረው ጥልቀት በታች።

«ጥሩ መሬት ነው» አላት። «አባትሽ ቁጭ ብሎ ዳክዬ ሲያይ ይውላል።»

ጉንጩን ስማው ሄደች።

የመጀመሪያው መጋቢት በሰላም አለፈ፤ በረዶው ያን ዓመት ስስ ነበር። ሰዎች ቨርንን ባዩ ቁጥር «ውሃህ የት ቀረ?» ይሉት ነበር። ጌራልድ በእውነትም ሣሩ ላይ ወንበሩን እያሽከረከረ፣ መነጽር በአንገቱ አንጠልጥሎ ዳክዬ ሲቆጥር ዋለ። ፊቱ ቀላ፣ ወፈረ። ጆሊን ፎቶውን ቢሮዬ ድረስ አምጥታ አሳይታኛለች።

በሁለተኛው መጋቢት ወገብ የሚደርስ በረዶ ላይ ሁለት ቀን ሳያባራ ዘነበ። መሬቱ ገና ድንጋይ እንዳከለ ነው፤ ውሃው የሚሰርግበት የለም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከመብራቱ ጋር በየምድር ቤቱ ያለው ውሃ የሚስበው ፓምፕ ቆመ። ጆሊን ፋብሪካ ነበረች። ጌራልድ ብቻውን ነው።

ሳይረን ሲጮኽ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎቹ ወጡ፤ እንደደረሱ ግን ቤቱን አጡት። ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት፣ የቁጥር ሰሌዳው በበረዶ ተሸፍኗል፤ መንገድ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። በዚህ መሐል ቨርን በትንሿ እስካቫተሩ በአጠገባቸው አለፈ። ማንንም አልጠየቀም። በሁለት ቤቶች መካከል ሰንጥቆ ወደ ኋላ ወረደና ሠላሳ አንድ ቁጥር ጋ ቆመ። ሁሉም «እንዴት አወቀ?» አለ፤ ግን ያኔ ጊዜው ያስቸኩል ስለነበር መልስ የጠበቀ የለም።

ያ ሰፊ በር ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው፤ ውሃው ተደግፎት ስለቆመ አልከፈት ብሏል። ቨርን በእስካቫተሩ ጥርስ ገንጥሎ ጣለው። ከዚያ በሰባ አራት ዓመቱ፣ እስከ ደረቱ፣ በረዶ የሚንሳፈፍበት ውሃ ውስጥ ገባ። ጌራልድ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ውሃው ብብቱ ደርሷል። ስልኩን በሁለት እጁ ከጭንቅላቱ በላይ ይዞ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲያ ቆይቷል።

«ቨርን» አለው ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ዳክዬ ታያለህ ብለህ የለ? ይኸው እነሱ እኔን ሊያዩ መጡ።»

ቨርን አቅፎ አወጣው።

ብርዱ ጌራልድን ሳንባውን መታው፤ በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

አሁን ቨርን ጀግና ሆነ። የአውራጃው ጋዜጣ ፎቶውን በፊት ገጽ አወጣ፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ጢሙ ላይ በረዶ። መጠጥ ቤቱ ዓሣውን በነጻ አቀረበለት። ያ ከጥግ የሚጮኸው ሰውዬ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ዱዌይን ቤቱ ድረስ ብራንዲ ይዞ ሄደ። ቨርን በሩን አልከፈተለትም፤ ሰው ይህን ኩራት መሰለው።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊችና የድንች ሰላጣ ቀርቦ ተቀምጠን ሳለ ጆሊን ቀጥ ብላ ወደ ቨርን መጣች። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ግንባሯ ደረቱ ላይ አረፈ።

«ከዚያ ውሃ ያወጡት እርስዎ ነዎት» አለችው። «ብቻውን አልሞተም፤ እጁን ይዤው ነው የሞተው። ያን ዕድል የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ያን ቀን ስለ ዶሎሬስ የተናገርኩትን... ይቅር ይበሉኝ። እባክዎ ይቅር ይበሉኝ።»

ቨርን በአንድ እጁ ሳንድዊቹን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ሌላው እጁ ጀርባዋ ላይ ሊያርፍ ሄደና አየር ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጠርጋል።

በማግስቱ ቢሮዬ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ስለ ጋራዡ ነገረኝ። አላለቀሰም። የአፈር ምርመራ ውጤት እንደሚያነብ ሰው ነው የነገረኝ። ሲጨርስ «ምን ላድርግ አርዲስ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር። ያሰብኩት ስለ ጆሊን አልነበረም። ድርጅቱ ሁለተኛውን ዙር፣ ሃያ ሁለት ተጨማሪ ቤት፣ ከመጀመሪያውም ዝቅ ብሎ ሊሠራ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ውሃ የገባባቸው ሰባት ቤተሰቦች የጉዳቱን ፎቶ ሰብስበው፣ «ቨርን ይመስክር» ብለው ፈርመው ይጠብቃሉ።

«ዝም በል» አልኩት። «ለማን ይጠቅማል? ስብሰባው ይለፍ።»

ባርኔጣውን አነሳና ወጣ።

ሰኔ ላይ እዚያው እሳት አደጋ ጣቢያ ተሰበሰብን። ያኔ የሳቁት ሰዎች ለቨርን ከፊት ረድፍ ወንበር ይዘውለታል። ስሙ ሲጠራ ተነስተው አጨበጨቡ። ጆሊን በሁለተኛው ረድፍ፣ ጥቁር ሹራቧን ለብሳ ተቀምጣለች። ቨርን ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆም ወረቀት አልያዘም።

«አታጨብጭቡ» አለ። «ሠላሳ አንድ ቁጥር ውሃ እንደሆነ አውቅ ነበር። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እዚያው ላይ ነው። ይቺ ልጅ መጥታ ስትጠይቀኝ ጥሩ መሬት ነው አልኳት። ስቃብኝ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። አባቷን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አጨብጫቢዎቹ አንድ በአንድ ቁጭ አሉ።

«አሁን ደግሞ ይህን ስሙኝ» አለ። «ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይብሳል። ምድር ቤት አታስቆፍሩ። ሰው አታስገቡበት።»

ጠበቃ ዊቲንግ ቀስ ብሎ ተነሳ። ደስታውን ለመደበቅ እንኳ አልደከመም።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ሚስተር ኩቻርስኪ ስለ መሬት የሚናገሩት እንደ ቂማቸው መሆኑን በገዛ አንደበታቸው ነግረውናል። የዛሬውስ ቂማቸው በማን ላይ እንደሆነ በምን እናውቃለን? ደግሞም ሟቹን በተመለከተ፣ አደጋውን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም የኛ ሰው አይደለም። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።»

ያዝኩለት። ሥራዬ ነው።

የሰባቱ ቤተሰቦች አቤቱታ በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈረሰ። የድርጅቱ ጥፋት የቨርን ጥፋት ሆነ። ከፊት ረድፍ ያለችው ሴት ፎቶዎቿን ወደ ቦርሳዋ እየከተተች «ዝም ብትል ምን ነበረበት፣ አንተ ደደብ ሽማግሌ?» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ። ሦስት ለሁለት ጸደቀ። ሦስተኛው ድምፅ የዱዌይን ነበር።

ስንወጣ ገና ብርሃን ነበር። ጆሊን ከቨርን አሮጌ ፒክአፕ አጠገብ ቆማ ትጠብቀዋለች። በጥፊ ትመታዋለች ብዬ ወደዚያ ተጠጋሁ። አልመታችውም። ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ተወልዳ እስክታድግ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው አሁን በአንተ ጠራችው።

«ጥሩ መሬት ነው ስትለኝ ፈገግ ብለህ ነበር» አለችው። «እኔ ደግሞ ይቅር አለኝ ብዬ፣ ቤት እስክገባ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። አባባንም ቀስቅሼ ነገርኩት።»

ቨርን ቁልፉን እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። ለእኔ ሁሉን ሲነግረኝ ፈገግታውን አልነገረኝም ነበር።

«ጆሊን...»

«ስሜን አትጥራው።»

ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጣ ከከተማው ወጣች። ለገዢው ውሃ እንደገባበት ነግራው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ልጠይቃትም ፊት አልነበረኝም።

ቨርን ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ኖረ። የሁለተኛው ዙር ቤቶች ሽያጭ ሲጀመር ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ቅዳሜና እሁድ መግቢያው መንገድ ላይ ይቀመጥ ጀመር። መኪና በመጣ ቁጥር ተነስቶ መስኮቱን ያንኳኳል። «እዚህ አትግዙ፣ ከሥሩ ውሃ ነው» ይላቸዋል። የሽያጭ ሠራተኛዋ መልሷን አዘጋጅታለች፤ «አይ፣ እሱማ በጋዜጣ የወጣው ነው፣ ያችን ሴት ዋሽቶ አባቷን ያስገደለው» ትላቸዋለች። በሐሰት አትወነጅልም፤ እውነት ነው የምትናገረው። ድርጅቱ ፍርድ ቤት ሄዶ ከመግቢያው ሁለት መቶ ሜትር እንዲርቅ አሳገደው። ወንበሩን ሁለት መቶ ሜትር አራቀ። ከዚያ ርቀት መኪኖቹ ፈጥነው ስለሚያልፉ መስኮት ማንኳኳት አይችልም፤ እጁን ያወዛውዝላቸዋል። ሰላምታ መስሏቸው አጸፋውን ይመልሱለታል።

አንድ መስከረም እሁድ ሳንድዊች ይዤለት ሄጄ አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ቀይ መኪና ፍጥነቷን ቀንሳ ቆመች። ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትዮዋ ነፍሰ ጡር። ሰውዬው መስኮቱን አወረደ። «ምን ሆነዋል አባት፣ እርዳታ ይፈልጋሉ?»

ቨርን ነገራቸው። ሁሉን ነገራቸው፤ ስለ ነሐሴው ልኬት፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ፓምፑ፣ ስለ ጌራልድ፣ ስለ ራሱ ውሸት። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሞተሩን አጥፍተው፣ አንዴም ሳያቋርጡት፣ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን በመስኮቱ አውጥታ የቨርንን እጅ ያዘች።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችው። «ማንም እንዲህ አይነግርም።»

መኪናዋ ዞራ ወደ ከተማ ስትመለስ ቨርን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሳንድዊቹን ተቀበለኝና እስከ መጨረሻው በላ። ከጌራልድ ቀብር ቀን ወዲህ ሰው ፊት ሲበላ አላየሁትም ነበር።

በኅዳር፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ወድቆ ፖስተኛው አገኘው። ቀብሩ ላይ ሰባት ሰው ነበርን፤ ዱዌይን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከሩቅ አይቶ ሄደ።

ባልና ሚስቱን ቢሮዬ ውስጥ ያገኘኋቸው በጥር ነው። ልጁ ተወልዷል፤ በማቀፊያ ታቅፈው ለአዲስ ነዋሪ የሚሰጠውን የቆሻሻ ማንሻ ቀን መቁጠሪያ ሊወስዱ መጥተው ነበር። አድራሻ ጠየቅኋቸው። ሁለተኛው ዙር፣ አሥራ አራት ቁጥር።

«ሽማግሌው ነግሯችሁ አልነበር?» አልኳቸው።

ሰውዬው ትንሽ አፈረ። «ነግረውናል። ግን ከሥራ ቦታችን ቅርብ ሌላ ቤት አጣን» አለ።

«ደግሞ በጣም ያዘኑ ሰው ነበሩ» አለች ሚስቱ፣ ልጁን እያባበለች። «ሰው ሲያዝን ሁሉ ነገር ይጠቁርበታል።»

ቀን መቁጠሪያውን ሰጠኋቸው። ቆሻሻው የሚነሳው ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሆነ ነገርኳቸው።